ዕጢው የበቀለበት ጎን፦ የጥናት 80405 ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2014 በቺካጎ በተካሄደው የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ባልደረባ የሆኑት ዶክተር አለን ቬኑክ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የተለፋበትን ጥናት ውጤት ይዘው ወደ ዋናው መድረክ ወጡ። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ ከኬሞቴራፒው ጋር ቀድሞ መሰጠት ያለበት ቤቫሲዙማብ ነው ወይስ ሴቱክሲማብ? መልሱ ደግሞ ማንንም አላስደሰተም። ሁለቱ እኩል ናቸው ተባለ። ሐኪሙ የመረጠውን ይስጥ፣ ሕመምተኛውም የተሰጠውን ይውሰድ፣ ልዩነት የለውም ማለት ነው።

ያ መልስ ሐሰት አልነበረም። ቁጥሩ በትክክል ተቆጥሯል፣ ጥናቱም በጥንቃቄ ተሠርቷል። ሆኖም እኩልነቱ የተገኘው ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተደምረው ስለተጣፉ ነበር። የተጣፋውን ነገር ለማውጣት አዲስ ማሽንም አዲስ የጂን ምርመራም አላስፈለገም፤ ካንሰሩ ከትልቁ አንጀት የትኛው ክፍል ላይ እንደተነሣ ማየት በቂ ነበር። ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። የብዙ ሰው ሕይወት ላይ ወራትን የሚጨምር ወይም የሚቀንስ መረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሕመምተኛው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ለዓመታት የጠየቀው አልነበረም።

ሁለቱ መድኃኒቶች ገበያ ላይ የዋሉት ጎን ለጎን ነው ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ሁለቱንም የፈቀደው በ2004 በፌብሩዋሪ ወር፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ነው። የሚሠሩበት መንገድ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ቤቫሲዙማብ ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ለመሳብ የሚልከውን መልእክት ይይዛል፤ ካንሰሩን ከምግቡ ለማራቅ የታሰበ ነው። ሴቱክሲማብ ደግሞ ራሱ የካንሰር ሴል ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሴሉ ከውጭ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ የሚቀበልበትን ኢጂኤፍአር የተባለ ተቀባይ ይደፍናል። የመጀመሪያው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያዘገያል፣ አልፎ አልፎም አንጀትን ይበሳል። ሁለተኛው ፊትንና ደረትን የሚያለብስ ብጉር መሰል ሽፍታ ያመጣል፤ ሰው ፊት መውጣት እስኪያሳፍር ድረስ የሚጸናባቸው ሕሙማን አሉ። እንግዲህ የትኛው ይቅደም የሚለው ምርጫ ለሕመምተኛው ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥናት 80405 በ2005 መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ ተጀመረ። ያካሄዱት ካንሰርና ሉኪሚያ ግሩፕ ቢ እና ስዎግ የተባሉት፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ የካንሰር ምርምር ቡድኖች ናቸው። በትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይሆን በተራ የአካባቢ ሕክምና ማዕከላትም ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ይህም ውጤቱን ለዕለት ተዕለት ሕክምና ቅርብ ያደርገዋል። ሐኪሙና ሕመምተኛው መጀመሪያ ከሁለት የኬሞቴራፒ ቅንብሮች አንዱን ይመርጣሉ፤ ፎልፎክስ ወይም ፎልፊሪ። ፎልፎክስ ኦክሳሊፕላቲን፣ ፎልፊሪ ደግሞ ኢሪኖቴካን የሚባለውን መድኃኒት ይዟል። አብዛኞቹ ፎልፎክስን መረጡ። ከዚያ በኋላ በዕጣ ግማሾቹ ቤቫሲዙማብ፣ ግማሾቹ ሴቱክሲማብ ይደርሳቸዋል። በመጀመሪያው ዕቅድ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚወስድ ሦስተኛ ቡድንም ነበር፤ በኋላ ተዘጋ።

ጥናቱ በመካከል ላይ ሳለ ዕውቀቱ ቀደመው። በ2008 አካባቢ ኬራስ የተባለው ጂን ከተበላሸ ሴቱክሲማብ ምንም እንደማይሠራ ተረጋገጠ። ምክንያቱ በቀላሉ ይገባል። ኢጂኤፍአር በር ላይ ያለ ደወል ቢሆን፣ ኬራስ ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ሽቦው ራሱ ተቃጥሎ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ከሆነ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ መሸፈን ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ጥናቱ ተሻሽሎ ኬራሳቸው ጤነኛ የሆኑትን ብቻ መቀበል ጀመረ። እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ በዚህ መስፈርት የተያዙት ሕሙማን 1,137 ደረሱ።

በ2017 በታተመው የመጨረሻ ትንታኔ መሠረት፣ ሴቱክሲማብ የወሰዱት ቡድን መካከለኛ የሕይወት ቆይታ 30.0 ወር፣ ቤቫሲዙማብ የወሰዱት ደግሞ 29.0 ወር ነው። መካከለኛ ሲባል ከሕሙማኑ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ኖረዋል ማለት ነው። በሽታው እንደገና እስኪንቀሳቀስ ድረስ ያለው ጊዜም 10.5 እና 10.6 ወር ሆነ፤ ፀጉር የሚሰነጥቅ ልዩነት እንኳ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ የለበትም። በ1990ዎቹ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከአንድ ዓመት ብዙም የማያልፍ ዕድሜ ይነገረው ነበር። ወደ 30 ወር መድረስ በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ታዲያ እኩል ከሆኑ ጉዳዩ ለምን አልተዘጋም? አንዱ ምክንያት ከጀርመን የመጣ ነው። በሙኒኩ ፕሮፌሰር ፎልከር ሃይነማን የተመራው ፋየር-3 የተባለ ጥናት ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ፣ ፎልፊሪን ብቻ ተጠቅሞ፣ 592 ሕሙማን ላይ ሲሠራ ሴቱክሲማብ የተሰጣቸው 28.7 ወር፣ ቤቫሲዙማብ የተሰጣቸው 25.0 ወር መኖራቸውን አሳየ። ሁለት በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ ጥናቶች አንዱ «እኩል ነው» ሌላው «ይበልጣል» ሲሉ፣ ያልታየ ነገር በመካከል አለ ማለት ነው። አንዳንዶች ልዩነቱን በኬሞቴራፒው ቅንብር ላይ አደረጉት። ሌሎች በኋላ በሚሰጠው ሕክምና ላይ።

ቬኑክና ባልደረቦቻቸው ወደ ፋይሎቹ ተመለሱ። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የቀዶ ሕክምና፣ የፓቶሎጂና የኮሎኖስኮፒ ሪፖርት እያነበቡ ዋናው ዕጢ የት እንደተነሣ መዘገቡ። ትልቁ አንጀት ሆድን እንደ በር መቃን ይከባል። በቀኝ በኩል ትርፍ አንጀት ከሚንጠለጠልበት ከረጢት ተነሥቶ ወደ ጉበት ይወጣል፣ ከጉበት ሥር ይታጠፍና ሆድን አግድም ያቋርጣል፣ ከጣፊያ በታች እንደገና ታጥፎ በግራ ጎን ይወርዳል፣ ከዚያ ተጠማዝዞ ፊንጢጣ አጠገብ ያበቃል። ተመራማሪዎቹ ከጉበት ሥር እስካለው መታጠፊያ ድረስ ያለውን «ቀኝ»፣ ከጣፊያው መታጠፊያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያለውን «ግራ» አሉት። በአግድሙ ክፍል የተነሡትን ለይተው አስቀመጡ። ግራ 732፣ ቀኝ 293 ሰዎች ሆኑ።

በ2016 በዚያው ጉባኤ ላይ የቀረበው ውጤት ሁለት ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያው፣ የትኛውንም መድኃኒት ይውሰዱ፣ በግራ የተነሣባቸው መካከለኛ የሕይወት ቆይታቸው 33.3 ወር ሲሆን በቀኝ የተነሣባቸው 19.4 ወር ብቻ ነው። ሁሉም የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸው፣ ሁሉም ኬራሳቸው ጤነኛ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ሕክምና ያገኙ ናቸው። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልዩነት!

ሁለተኛው ደረጃ ይበልጥ ያስደነግጣል። ቤቫሲዙማብ ከወሰዱት መካከል ግራ 31.4፣ ቀኝ 24.2 ወር ነው። ሴቱክሲማብ ከወሰዱት መካከል ግን ግራ 36.0፣ ቀኝ 16.7 ወር ነው። ቀስ ብለን እናንብበው። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ርቀት በቤቫሲዙማብ ጊዜ ሰባት ወር ያህል ነው፤ በሴቱክሲማብ ጊዜ ወደ አሥራ ዘጠኝ ወር ይሰፋል። ወደ ጎን ስናነበው ደግሞ በግራ በኩል ሴቱክሲማብ በ4.6 ወር ይቀድማል፣ በቀኝ በኩል ቤቫሲዙማብ በ7.5 ወር ይቀድማል። ከአሥሩ ሕሙማን ሰባቱ የግራ፣ ሦስቱ የቀኝ ናቸው። የብዙዎቹ ትንሽ ትርፍና የጥቂቶቹ ትልቅ ኪሳራ አንድ ከረጢት ውስጥ ሲገቡ የሚቀረው ወደ አንድ ወር የሚጠጋ ነው። መካከለኛ ቁጥሮች በዚህ መንገድ ልክ እንደ ገንዘብ እንደማይደመሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን 30.0 እና 29.0 የሚለው «እኩልነት» ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይህ ስሌት በቂ ነው።

በኋላ የጂን ምርመራው ሰፍቶ፣ ኬራስ የሚገኝበት «ራስ» የተባለው የጂን ቤተሰብ ሌሎች ብልሽቶችም ሲጣሩ፣ ክፍተቱ ከመጥበብ ይልቅ ሰፋ። የ«ራስ» ጂኖቻቸው ሙሉ በሙሉ ጤነኛ በሆኑት ውስጥ ግራዎቹ በሴቱክሲማብ 39.3፣ በቤቫሲዙማብ 32.6 ወር ኖሩ፤ ቀኞቹ በሴቱክሲማብ 13.6፣ በቤቫሲዙማብ 29.2 ወር። 13.6 እና 29.2! በዚህ ክፍል ያሉት የቀኝ ሕሙማን ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ አኃዙን እንደ ድንጋይ የጸና አድርጎ መያዝ አይገባም። አቅጣጫው ግን አልተለወጠም። ፋየር-3ም በዚሁ ዓይን እንደገና ሲታይ ያንኑ መሰከረ፤ ግራ በሴቱክሲማብ 38.3፣ በቤቫሲዙማብ 28.0፤ ቀኝ በሴቱክሲማብ 18.3፣ በቤቫሲዙማብ 23.0 ወር። የተጣሉ የመሰሉት ሁለት ጥናቶች በመጨረሻ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር።

ጎን እንዴት ይህን ያህል ይወስናል? ዕጢው ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን መድኃኒቱ አያውቅም። ነገሩ የሚጀምረው ገና በማኅፀን ነው። የጽንሱ አንጀት በሦስት ክፍል ተከፍሎ ያድጋል። የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍልና የአግድሙ አብዛኛው ከመካከለኛው የጽንስ አንጀት ይወጣል፤ የአግድሙ መጨረሻና የግራው ክፍል ከኋለኛው። ደም የሚያጠጣቸው ዋና ሥር እንኳ የተለያየ ነው። በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም፣ የሚያልፍባቸው ነገርም አንድ አይደለም፤ በቀኝ በኩል ይዘቱ ገና ፈሳሽ ነው፣ በግራ ይጠጥራል። በ1990 አንድ ተመራማሪ የሁለቱ ጎን ካንሰሮች በዘር ቁሳቸው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ወደ ሕክምና ክፍል ለመግባት ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ ወሰደበት።

ስለዚህ ጎን ራሱ መንስኤ ሳይሆን ምልክት ነው። በቀኝ የሚነሡት ውስጥ ቢራፍ የተባለው ጂን የተበላሸባቸው በብዛት ይገኛሉ፤ ይህ ብልሽት በተሰራጨ ካንሰር ጊዜ ዕድሜን በእጅጉ ያሳጥራል። ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚያርመው ሥርዓት የተሰናከለባቸውም በቀኝ ይበዛሉ። በግራ የሚነሡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕይወታቸው በኢጂኤፍአር ትእዛዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ተቀባዩን የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ራሳቸው አብዝተው ያመርታሉ። ያንን በር መዝጋት እነሱን የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሕመምተኛውም ቢሆን ልዩነቱን በሰውነቱ ያውቀዋል። የግራው ቶሎ ይናገራል፤ ደም ከሰገራ ጋር ይታያል፣ የሆድ ልማድ ይለወጣል፣ መውጫው ይጠባል። የቀኙ ግን ቦታው ሰፊ ስለሆነ ዝም ብሎ ያድጋል፣ ጥቂት በጥቂት ይደማል፤ ሰውየው ድካምና የደም ማነስ ይዞ ሲመላለስ፣ የብረት ክኒን ሲውጥ ወራት ያልፋሉ።

ይህን ግኝት በደስታ ብቻ መቀበል ስሕተት ይሆን ነበር። ጥናቱ ሲታቀድ ጎን አልተጠየቀም። ወደ ኋላ ተመልሶ መረጃን የሚከፋፍል ሰው በበቂ ሁኔታ ከከፋፈለ አንድ ቀን የሚያስገርም ነገር ማግኘቱ አይቀርም፤ የልደት ወርን ቢሞክርም ልዩነት ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች በ2016 የተጠራጠሩት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ የፈታው ተደጋጋሚነቱ ነው። የስድስት ጥናቶች ሕሙማን አንድ ላይ ተደርገው፣ የ«ራስ» ጂኖቻቸው ጤነኛ የሆኑ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ሴቱክሲማብና ወንድሙ ፓኒቱሙማብ በግራ ዕድሜ እንደሚያራዝሙ፣ በቀኝ ግን ምንም ዕድሜ እንደማይጨምሩ ታየ። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያም ብዙ ሳይቆይ፣ እነዚህ መድኃኒቶች በመጀመሪያ ሕክምና ለግራ ዕጢ ብቻ እንዲሰጡ አለ።

ነገሩን አስቀድሞ ጠይቆ የፈተነው ግን የጃፓኑ ፓራዳይም ጥናት ነው። ከ2015 እስከ 2017 በመላ ጃፓን 823 ሕሙማን ተመዝግበው ግማሾቹ ፓኒቱሙማብ፣ ግማሾቹ ቤቫሲዙማብ ከፎልፎክስ ጋር ወሰዱ። ጎን በዚህ ጊዜ እንደ ድኅረ ሐሳብ አልመጣም፤ የግራዎቹ ዕድሜ የጥናቱ ዋና መለኪያ ሆኖ ውጤቱ ሳይታወቅ በፊት ተጽፏል። በ2022 ዶክተር ታካዩኪ ዮሺኖ ይፋ ባደረጉት ውጤት፣ በግራ የተነሣባቸው 604 ሰዎች በፓኒቱሙማብ 37.9፣ በቤቫሲዙማብ 34.3 ወር ኖረዋል። በቀኝ በኩል 20.2 ለ23.2 ነበር። ትርፉ በ80405 ከታየው አነስ ያለ ቢሆንም የቆመበት መሠረት ጽኑ ነው።

በቀኝ በኩል ያሉትስ? በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ልቤን የሚከብደው እነሱ ናቸው። «ሴቱክሲማብ ለእናንተ አይሆንም» የሚል ዜና የሚያድን ዜና አይደለም፤ ከማይጠቅም መድኃኒትና ከሽፍታው ብቻ ያድናል። ሆኖም ጎን ምልክት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ምልክቱ ወደሚያመለክተው ነገር መሄድ ተቻለ። የስሕተት ማረሚያቸው ለተሰናከለባቸው፣ በ2020 ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት በመጀመሪያ ሕክምና ተፈቀደ። በጥናቱ በሽታው ሳይንቀሳቀስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ በኬሞቴራፒ 8.2 ወር ሲሆን በፔምብሮሊዙማብ 16.5 ወር ሆነ። ቢራፋቸው ለተበላሸም በ2024 መጨረሻ ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጥ ኤንኮራፌኒብ የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፤ የሚገርመው አብሮት የሚሰጠው ያው ሴቱክሲማብ ነው። ብቻውን ቀኝ ላይ ያልሠራው፣ የቢራፍ መንገድ ሲዘጋለት መሥራት ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ለሚቀሩት የቀኝ ሕሙማን ግን ዛሬም ኬሞቴራፒና ቤቫሲዙማብ ነው ያለው።

በአገራችን የትልቁ አንጀት ካንሰር በተለይ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ብዙዎችም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከተሰራጨ በኋላ ነው። ሴቱክሲማብን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለወራት መቀጠል ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ቢሆንም መሬት ሸጦ፣ ከውጭ ዘመድ ገንዘብ አስልኮ መድኃኒት የሚያስመጣ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ የ80405 ጉዳይ ለእኛ የሚነካን እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፦ የ«ራስ» ጂኖች ምርመራ ውጤትና የዕጢው ጎን። የመጀመሪያው ላቦራቶሪና ወጪ ይጠይቃል። ሁለተኛው ኮሎኖስኮፒ ያደረገው ወይም ሆድ የከፈተው ሐኪም በዓይኑ ያየው ነገር ነው። «የትልቁ አንጀት ካንሰር» ብቻ የሚል ወረቀት የያዘ ሕመምተኛ፣ ወይም ወረቀቱን ይዞ ወደ ዋሺንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ዱባይ ዘመዱ የሚልክ ሰው፣ «የቱ ላይ? ቀኝ ነው ግራ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። መልሱም በአንድ ቃል ሪፖርቱ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ከአግድሙ ክፍል የተነሡትን ተመራማሪዎቹ ወደ ጎን አድርገዋቸው ነበር። በጽንስ አመጣጡ አብዛኛው ክፍል የቀኙ ወገን ስለሆነ፣ በሌሎች ጥናቶች ከቀኙ ጋር የተቆጠሩበት ጊዜ አለ። የአንጀቱ ባሕርይ ግን በአንድ መሥመር ላይ በድንገት የሚለወጥ አይመስልም። ከጉበት ሥር ካለው መታጠፊያ ጥቂት ጣት ርቆ የተነሣ ዕጢ ያለበት ሰው ዛሬም ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረው በዋናነት በጂን ምርመራው ላይ ተመሥርቶ ነው።